ስለ ወልወል ግጭትና ስለ ግልግል ዳኞቹ ፍርድ

በመንግሥታት መካከል ጠብ ስለ ምን እንደሚነሣና በምን መንገድ እንደሚበርድ የጻፉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶቹ የሀብት ምኞትን ምክንያት ያደርጋሉ፤ ሌሎቹ ቂምንና ክብርን ያስቀድማሉ፤ ሌሎቹም ወሰን ሳይለይ መቅረቱን ይጠቅሳሉ። እኛ ይህን ሰፊ ነገር በጠቅላላው ልንመረምረው አላሰብንም። አንድ ቦታ፣ አንድ ቀንና አንድ ፍርድ መርጠን በዚያ ላይ ብቻ እንቆያለን። ቦታው በኦጋዴን የሚገኘው ወልወል ነው፤ ቀኑ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ፍርዱም አምስት የግልግል ዳኞች በዚያው ዓመት ነሐሴ 28 ቀን የሰጡት ነው።

ስለ ወልወል በትምህርት ቤት የተማርነው ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት መስመር አያልፍም። ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ሰበብ ስትፈልግ በወልወል አገኘች፤ ከዚያም ጦርነቱ መጣ ይባላል። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከግጭቱ እስከ ወረራው ድረስ ሁለት ቀን የጎደለው ዐሥር ወር አለ። በዚያ ዐሥር ወር ውስጥ አንድ የግልግል ዳኝነት ተጀምሮ፣ ተሰናክሎ፣ እንደ ገና ተጀምሮ እስከ ፍርድ ደርሷል። ፍርዱም በዳኞቹ ሁሉ ስምምነት የተሰጠ ነው። ፍርዱ ከተሰጠ በሠላሳኛው ቀን ጦርነት ሆነ። በሁለት አገሮች መካከል ክርክር በተነሣ ቁጥር ወደ ግልግል ዳኝነት ይሂዱ የሚል ምክር ስለምንሰማ፣ ይህን ምክር ተቀብሎ እስከ መጨረሻው የሄደ አንድ መንግሥት ምን እንዳገኘ መመርመር የታሪክ ተማሪ ተግባር ይመስለናል።

ወልወል ከተማ አልነበረም። በደረቅ አገር መካከል ያለ የውሃ ጉድጓዶች ስፍራ ነበር። ጉድጓዶቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ በዙሪያው የሚኖሩት የሱማሌ ነገዶች ግመሎቻቸውንና በጎቻቸውን እየነዱ በበጋ ወራት ይሰበሰቡባቸው ነበር። ለከብት አርቢ ወሰን ማለት መስመር አይደለም፤ ወሰን ማለት ውሃ ነው። የይስሐቅ እረኞችና የጌራራ እረኞች በጉድጓድ ምክንያት የተጣሉትን ጠብ ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ይስሐቅ ግን ያን ጉድጓድ ትቶ ሌላ የሚቆፍርበት ቦታ ነበረው። በኦጋዴን ወልወልን የያዘ ሰው በዙሪያው ያለውን የግጦሽ አገር ሁሉ ያዘ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣ የጦር አዛዥም ምሽግ ሊሠራ ሲያስብ አስቀድሞ የሚመርጠው ጉድጓዱን ነው።

አሁን ወደ ውሎቹ እንሂድ። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1889 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኔራዚኒ ስለ ሱማሌ ወሰን ሲነጋገሩ በአንድ ካርታ ላይ መስመር ተሠመረ። መስመሩ ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ 180 ማይል ያህል ወደ ውስጥ ርቆ ከጠረፉ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነው ተባለ። ያ ካርታ ግን በኋላ ጊዜ ሊገኝ አልቻለም። ግንቦት 8 ቀን 1900 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሌላ ውል ሲዋዋሉ፣ ከዋቢ ሸበሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለው ወሰን የኢትዮጵያ መንግሥት በ1889 የተቀበለውን መስመር ይከተላል አሉ፤ ደግሞም ወደ ጠረፉ ያሉት ነገዶች አገር ለኢጣልያ፣ ኦጋዴንና ወደ ኦጋዴን ያሉት ነገዶች አገር ለኢትዮጵያ ይሁን ብለው ጨመሩበት። እንግዲህ አንዱ ውል ሁለት መለኪያ ያዘ፤ አንዱ የማይል ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው የነገድ ስም ነው። ነገድ ደግሞ ዝናብን ተከትሎ ይሄዳል። መስመሩን በምድር ላይ ለማመልከት ከዶሎ ተነሥቶ በ1903 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ሥራ ጥቂት ክፍል ከተሠራ በኋላ ቆመ፤ የቀረው በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ።

ውሉ እንዲህ የተድበሰበሰ ቢሆንም ወልወል የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ የሚያስቸግር አልነበረም። በማይሉ ቁጥር ሲለካ ስፍራው ከመስመሩ ወደ ኢትዮጵያ ወገን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይገባል። በኢጣልያ አገር የታተሙ አንዳንድ ካርታዎች እንኳ ወልወልን በኢትዮጵያ ውስጥ ያሳዩ ነበር። ኢጣልያ ግን በ1922 ዓ.ም. ገደማ ወደ ስፍራው ገብታ ምሽግ ሠርታ ዱባት የሚባሉትን የሱማሌ ወታደሮችዋን አስቀመጠች። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያ በረሓ ላይ የዘወትር ጥበቃ ስላልነበረው ነገሩን በጊዜው አልተከራከረበትም። ይህ ዝምታ በኋላ ዋጋ አስከፈለው፤ የኢጣልያ መልእክተኞች ስፍራውን ዓመታት ሙሉ ስንይዘው የተቃወመን የለም ብለው ለመከራከር ቻሉ። የመሬት ክርክር በሰማንበት አገር ሁሉ፣ ድንበር ገፊ የሚተማመነው በባለቤቱ ዝምታ ነው።

በ1927 ዓ.ም. በኅዳር ወር የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የወሰን ኮሚሲዮን የግጦሹን አገር ለመመርመር ወደ ኦጋዴን ወረደ። የእንግሊዞቹ አለቃ ኮሎኔል ክሊፎርድ፣ የኢትዮጵያውያኑ አለቃ ፊታውራሪ ተሰማ ባንቲ ነበሩ፤ በኋላ በዤኔቭ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ የደከሙት ሎሬንሶ ታእዛዝም በዚያው አብረው ነበሩ። ኮሚሲዮኑ ብዙ መቶ ከሚሆን የኢትዮጵያ ጭፍራ ጋር ኅዳር 14 ቀን ወልወል ሲደርስ የኢጣልያ ጦር ጉድጓዶቹን ይዞ አገኘው። የኢጣልያው አዛዥ ካፒቴን ቺማሩታ ወደ ፊት አታልፉም አለ። ኮሚሲዮኑ ተቃውሞውን በጽሑፍ ካሰማ በኋላ ጠብ እንዳይነሣ ብሎ አዶ ወደሚባል ስፍራ አፈገፈገ። የኢትዮጵያ ጭፍራ ግን በፊታውራሪ ሽፈራው ሥር ሆኖ ከኢጣልያ ጦር ፊት ለፊት ቀረ።

ለዐሥር ቀን ያህል ሁለቱ ወገኖች በጥቂት እርምጃ ርቀት እየተያዩ ሰነበቱ። ኅዳር 26 ቀን ከቀትር በኋላ ተኩስ ተነሣ። ማን አስቀድሞ እንደ ተኮሰ እስከ ዛሬ ድረስ በእርግጥ አልታወቀም። ኢጣልያኖቹ አውሮፕላንና ብረት ለበስ መኪና ነበራቸው፤ ስለዚህ ውጊያው እኩል አልነበረም። ከኢትዮጵያ ወገን ፊታውራሪ ዓለማየሁ ጭምር ከ100 በላይ ሰዎች ወደቁ፤ ከዱባቶቹም 30 ያህል ሞቱ።

የኢትዮጵያ መንግሥት በአራተኛው ቀን፣ ኅዳር 30፣ ነገሩ በግልግል ዳኞች ይታይ ሲል ጠየቀ። የጠየቀውም በውል የተሰጠውን መብት ነው። ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ለ20 ዓመት የሚቆይ የወዳጅነት ውል ሲዋዋሉ፣ በመካከላቸው የሚነሣውን ክርክር ወደ ጦር መሣሪያ ሳይሄዱ በእርቅ ወይም በግልግል ዳኝነት ሊጨርሱ በአምስተኛው አንቀጽ ተስማምተው ነበርና። ኢጣልያ ታኅሣሥ 2 ቀን ያመጣችው ጥያቄ ሌላ ነው። የሐረርጌ ገዥ ወልወል ድረስ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ለኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ ይሰጥ፣ ጥፋተኞቹ ይቀጡ፣ 200,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ካሣ ይከፈል አለች። ነገሩን ልብ ብሎ ለተመለከተው ከዚህ ሁሉ ገንዘቡ ትንሹ ነው። በወልወል ምድር ላይ ለኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ የሰጠ መንግሥት ምድሪቱ የኢጣልያ ናት ብሎ በይፋ መሰከረ ማለት ነው። ክርክሩ ሳይሰማ ፍርዱ በሰላምታ ሊያልቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት አንድ በምስጢር የተጻፈ ወረቀት ማወቅ ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 21 ቀን ሙሶሊኒ ለጥቂት ከፍተኛ ሹማምቱ ብቻ የሚሆን መመሪያ ጽፎ ነበር። በዚያ መመሪያ የኢጣልያ ዓላማ የኢትዮጵያን የጦር ኃይል መደምሰስና አገሪቱን በሙሉ መያዝ መሆኑን ገልጾ አስቀምጧል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ ስለ ወልወል ጉድጓዶች ብዙ አልተናገረም። ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥታቸውን ወደ አንድ ማዕከል እየሰበሰቡ፣ ጦራቸውንም በአዲስ መሣሪያ እያደራጁ ስለ ሆነ፣ ጊዜ ከሰጠናቸው ነገሩ እየከበደ ይሄዳል የሚል ነው፤ በአውሮጳም ጀርመን ገና ሳትበረታ ይፈጸም የሚል ነው። በዚህ ላይ የዐድዋን ቂም፣ ኤርትራንና ሱማሌን በአንድ የማገናኘትን የቆየ አሳብ፣ የፋሺስት አገዛዝ ለሕዝቡ ሊያሳየው የፈለገውን ድል ልንጨምር እንችላለን። እንግዲህ አንዱን ወገን ለጦርነት ያነሣሣው የሌላው ወገን ድክመት ብቻ አልነበረም፤ ነገ ይበረታል የሚለው ፍርሃትም ነበረ። እኛ ዛሬ የዚያን ዐሥር ወር ደብዳቤዎች ስናነብ ይህን ወረቀት ከጎናችን አድርገን ነው። በዚያ ጊዜ የነበሩት የኢትዮጵያ መልእክተኞች ይህ አልነበራቸውም፤ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ በእጃቸው አልነበረም።

ታኅሣሥ 25 ቀን ኢትዮጵያ ነገሩን በ11ኛው አንቀጽ መሠረት ለመንግሥታት ማኅበር አመለከተች። ከአራት ቀን በኋላ፣ በአገራችን የልደት በዓል በሚከበርበት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል በሮማ ከሙሶሊኒ ጋር ተፈራረመ። ላቫል ለኢጣልያ የለቀቅሁት የንግድ ጥቅም ብቻ ነው ሲል ኖረ፤ ሙሶሊኒ ግን በኢትዮጵያ ላይ የፈለግኸውን አድርግ ተብያለሁ ብሎ ያዘው። በዤኔቭም ኢጣልያ ነገሩን በ1920ው ውል መሠረት እንጨርሰዋለን ስላለች ማኅበሩ ቀጠሮ ሰጠ። በየካቲት ወር የኢጣልያ ጦር በመርከብ እየተጫነ በስዌዝ ቦይ በኩል ወደ ምጽዋና ወደ መቋዲሾ መጓዝ ጀመረ። መጋቢት 8 ቀን ኢትዮጵያ ዳግመኛ፣ በዚህ ጊዜ በ15ኛው አንቀጽ፣ አመለከተች። በዋዜማው ጀርመን የግዴታ ውትድርናን መልሳ ስላወጀች የአውሮጳ ጆሮ ሁሉ ወደዚያ ዞሮ ነበር። እንዲህ እየተባለ እስከ ግንቦት 17 ቀን ዘገየ፤ በዚያ ቀን የማኅበሩ ምክር ቤት የግልግል ዳኞቹ ሥራቸውን እስከ ነሐሴ 19 ቀን ድረስ እንዲፈጽሙ ወሰነ።

ኢጣልያ አልድሮቫንዲ ማሬስኮቲንና ሞንታኛን፣ ሁለቱንም ከራሷ ሰዎች፣ ዳኞች አድርጋ ሰየመች። ኢትዮጵያ የሰየመቻቸው ግን ፈረንሳዊውን የሕግ ሊቅ ደ ላ ፕራዴልንና አሜሪካዊውን ፒትማን ፖተርን ነው። ነገረ ፈጅ ሆነው የቆሙላትም የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ነበሩ። አንባቢዎቻችን ተማሪዎች ስለ ሆናችሁ ስለ እኚህ ሰው አንድ ነገር ሳንጨምር ልናልፍ አንወድም። ፕሮፌሰር ዤዝ ለኢትዮጵያ ጠበቃ በመሆናቸው በ1928 ዓ.ም. የፓሪስ የሕግ ተማሪዎች በጩኸት ትምህርታቸውን አስቋረጧቸው፤ ነገሩ እየበረታ ሄዶ ፋኩልቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። በዚያ ሰልፍ ላይ ከታዩት ወጣቶች አንዱ በኋላ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንስዋ ሚተራን ነው፤ ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ አለ። ተማሪ ሁልጊዜ ከተበደለው ጋር ይቆማል ሲባል በሰማን ጊዜ ይህ ፎቶግራፍ ትዝ ይለናል።

ዳኞቹ በሰኔ ወር ሼቬኒንገን በምትባል፣ ከሔግ ከተማ አጠገብ ባለች የሆላንድ የባሕር ዳር መንደር ተሰበሰቡ። ፕሮፌሰር ዤዝ ንግግራቸውን ሲጀምሩ ወልወል በኢትዮጵያ ምድር ውስጥ ያለ ስፍራ መሆኑን ለማስረዳት ተነሡ። ወዲያውኑ የኢጣልያ ነገረ ፈጅ ተቃወመ። ዳኞቹ የተሰየሙት ኅዳር 26 ቀን በሆነው ነገር ማን ጥፋተኛ እንደ ሆነ ለመመርመር እንጂ ስለ ወሰን ለመስማት አይደለም፤ ወልወል የማን ነው የሚለው ቃል በዚህ ጉባኤ ሊነሣ አይገባም አለ። ሁለቱ ኢጣልያውያን ዳኞች ይህን ደገፉ፤ ሁለቱ ሌሎች አልደገፉም። ሁለት ለሁለት ሆነው ሐምሌ 2 ቀን ሥራው ቆመ።

በሕግ ትምህርት ጭብጥ የሚባል ነገር አለ። ዳኛ የሁለቱን ወገን ነገር ከሰማ በኋላ የሚፈርድበትን ነጥብ ለይቶ ይይዛል፤ ጭብጡ ከተሳሳተ ፍርዱ ምንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። በሼቬኒንገን የተነሣው ጠብ ስለ ጭብጥ ነበር። ሁለት ገበሬዎች በእርሻ ወሰን ተጣልተው አንዱ የሌላውን ራስ ቢፈነክት፣ ሽማግሌዎችም ተሰብስበው «ራሱን ማን ፈነከተው? በላችሁ ፍረዱ፤ እርሻው የማን ነው ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁ» ቢባሉ፣ ምን ዓይነት እርቅ ሊያወርዱ ይችላሉ? በገዛ ቤቱ ቆሞ ሌባ የመከተ ሰውና በሰው ቤት ገብቶ የተደባደበ ሰው የሚለዩት ቤቱ የማን እንደ ሆነ በማወቅ ነው። ይህን ጥያቄ ከነገሩ ውስጥ ማውጣት ልዩነታቸውን ማጥፋት ነው።

ሐምሌ 27 ቀን የማኅበሩ ምክር ቤት ያደረገው ግን ይህንኑ ነው። ዳኞቹ የወሰንን ነገር እንዳይመረምሩ፣ ውልንም እንዳይተረጉሙ ወሰነ። ይህን ያዘጋጁት በይበልጥ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች ናቸው። ሁለቱም በጀርመን ላይ ኢጣልያ ከእነርሱ ጋር እንድትቆም ይፈልጉ ስለ ነበር፣ ያሳሰባቸው ፍርዱ ትክክል መሆኑ ሳይሆን ኢጣልያ ከጉባኤው ተቆጥታ አለመውጣቷ ነበረ። ኢትዮጵያም ተቀበለች። ስለ ምን ተቀበለች የሚል ሰው ቢኖር፣ እኛ እንደሚመስለን እምቢ ብትል ኖሮ የግልግል ዳኝነቱን ያፈረሰች እርሷ ናት ሊባል ነበር፤ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሌላት፣ ከውጭም መግዛት የተከለከለባት አገር ከማኅበሩ በቀር የምትጠጋበት አልነበራትም።

አምስተኛ ዳኛ ሆነው የተጨመሩት የግሪክ የሕግ ሊቅ ኒኮላስ ፖሊቲስ ናቸው። ነሐሴ 28 ቀን ፍርዱ በአምስቱም ስምምነት ተሰጠ። ሁለቱም ወገኖች በሥፍራው ላይ ሥልጣን አለን ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ የመጀመሪያዋም ጥይት ምናልባት በአጋጣሚ የተተኮሰች ልትሆን ስለምትችል፣ የኢጣልያ መንግሥትና ሹማምቱም፣ የኢትዮጵያ መንግሥትና ሹማምቱም በደለኞች ናቸው ለማለት አይቻልም ተባለ። ፍርዱን ስናነብ ዳኞቹን ለመውቀስ አንደፍርም፤ በተሰጣቸው ጠባብ በር ሌላ መውጫ አልነበረም። እንዲያውም በአንድ በኩል ኢትዮጵያን ጠቅሟታል፤ ይቅርታና ካሣ ክፈይ የተባለችበት ክስ እንዳልተረጋገጠ አምስት ዳኞች፣ ከእነርሱም ውስጥ ሁለቱ ኢጣልያውያን፣ ፈርመውበታል። ይሁን እንጂ አባቶች ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ሥሩ ያልተነካ ነገር ነው።

ወልወል ለኢጣልያ ምን እንደ ነበረ የታወቀው በማግሥቱ ነው። ነሐሴ 29 ቀን ምክር ቤቱ በዤኔቭ ሲሰበሰብ የኢጣልያው መልእክተኛ ባሮን አሎይዚ አንድ ትልቅ የክስ መጽሐፍ ይዞ ቀረበ። በዚያ ውስጥ ስለ ወልወል ተኩስ የተጻፈው ጥቂት ነው። የቀረው ኢትዮጵያ ባሪያ ፍንገላ ያልጠፋባት፣ ያልሠለጠነች አገር ስለ ሆነች ከሌሎቹ መንግሥታት ጋር እኩል ልትቀመጥ አይገባትም የሚል ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ዓለምን ያስጨነቀው ክርክር ፍርድ ባገኘ በአንድ ቀን ውስጥ ከሳሹ ክሱን ትቶ ሌላ ክስ አነሣ። የባርነት ነገር እውነት ነበረበት፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ሲገባ ሊያጠፋው ቃል የገባበት ጉዳይ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ በማኅበሩ ውስጥ ሆና የኢትዮጵያን መግባት ተቀብላ የነበረች ኢጣልያ ናት።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ምክር ቤቱ በአራተኛው ቀን ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦርነት አንሥታለች ሲል ወሰነ፤ ኅዳር 8 ቀን የንግድ ቅጣት ተጀመረ። ነዳጅ ዘይት ከቅጣቱ ውጭ ሆነ፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የኢጣልያ መርከቦች የመተላለፊያውን ዋጋ እየከፈሉ ያልፉ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በዤኔቭ ጉባኤ ፊት የተናገሩት ንግግር በሁሉ ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ አንደግመውም።

ከዚህ ተነሥተው የግልግል ዳኝነትና የውል ነገር ሁሉ ከንቱ ነው፣ ከመድፍ በቀር የሚሰማ የለም የሚሉ ባልንጀሮች አሉን። እኛ እንዲህ አንልም። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያ ዐሥር ወር ያደረገውን ተመልከቱ፤ ዳኝነት ጠየቀ፣ የጠበበውንም ጭብጥ ተቀበለ፣ ፍርዱን አከበረ፣ በመጨረሻም ጦሩ ከወሰን 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲመለስ አዘዘ። በመስከረም 26 ቀን ምክር ቤቱ ያለ ብዙ ክርክር ጦርነቱን ያነሣችው ኢጣልያ ናት ለማለት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ውሳኔ አዲስ አበባን አላዳነም። ግን አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ሜክሲኮ፣ ቻይናና ኒውዚላንድ የኢጣልያን ግዛት ሳይቀበሉ ለመቅረት የቆሙበት መሠረት እርሱ ነው፤ በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ የሚባለው ስም የዚህ መታሰቢያ ነው። ሕጉ ጠብ ሊያበርድ አልቻለም፤ በደሉ በደል ተብሎ እንዲጻፍ ግን አድርጓል። ይህን ሁለቱን ነገር ለይቶ ማየት ይገባል ብለን እናምናለን።

የወልወል ጥያቄ ግን ከጦርነቱ በኋላም አልሞተም። ኢጣልያ ሱማሌን በተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት ለማስተዳደር በ1942 ዓ.ም. ስትመለስ፣ እንግሊዞች ጊዜያዊ የአስተዳደር መስመር አሠምረው ሄዱ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሁለቱ ወገኖች በንግግር ካልተስማሙ ወደ ግልግል ዳኝነት ይሂዱ አለ። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ዳኞቹን ለመሰየም ተሞከረ፤ የኖርዌዩ ትሪግቬ ሊ እንኳ ሊያስማሙ ተመርጠው ነበር። ነገሩ የተሰናከለው እንደ ቀድሞው በጭብጥ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ዳኞቹ የ1900ን ውል ብቻ ይተርጉሙ አለች፤ ኢጣልያ ስለ ሱማሌ ሆና ሰፋ ያለ ሥልጣን ይኑራቸው አለች። በ1927 ዓ.ም. ውሉ እንዳይነበብ የከለከለችው ኢጣልያ ነበረች፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ከውሉ ሌላ እንዳይታይ የምትጠይቀው ኢትዮጵያ ሆነች። እያንዳንዱ መንግሥት ዳኛ ሲቀርብ የሚጠይቀው እርሱን የሚረታበትን ጥያቄ ነው፤ የእኛም መንግሥት ከዚህ አላመለጠም። ሱማሌ በ1952 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ወሰኑ ሳይፈረድ ቀረ፤ በ1956 ዓ.ም. በወሰኑ ላይ ውጊያ ሆነ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ እጅግ የከፋ ጦርነት መጣ።

ጭብጡ በሚገባ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ጠቡ ሁሉ በበረደ ነበር ለማለት ግን አንቸኩልም፤ የባድሜ ነገር ያግደናል። ከግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በተደረገው ጦርነት በዐሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው ካለቀ በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጄርስ የተፈረመው ስምምነት ከሼቬኒንገን የተማረ ይመስላል። ሁለቱን ጥያቄ ለየ፤ ለወሰኑ አንድ ኮሚሲዮን፣ ለካሣውና ለጥፋቱ ሌላ ኮሚሲዮን አቆመ። የወሰኑ ዳኞች እንዲተረጉሙ የተሰጧቸው ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያና ከእንግሊዝ ጋር በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ዓ.ም. የተዋዋሏቸው ውሎች ናቸው፤ የመጨረሻው የሱማሌ ወሰን ውል በተፈረመበት በዚያው በግንቦት 8 ቀን የተፈረመ ነው። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. በሔግ ፍርዱ ተሰጠ። ባድሜ በኤርትራ ወገን ሆነች። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው ኮሚሲዮን በግንቦት 1990 የጦር ኃይል በመጠቀም ሕግ የተላለፈችው ኤርትራ ናት ሲል ፈረደ። እያንዳንዱ ወገን በአንዱ ጥያቄ ረታ፣ በሌላው ተረታ። ምድሪቱ የማን ናት የሚለው ጥያቄ በዚህ ጊዜ አልተከለከለም።

ሆኖም ችካል አልተተከለም። ኢትዮጵያ ፍርዱ በሥፍራው ሲፈጸም ሕዝብን ስለሚከፍል አስቀድመን እንነጋገር አለች፤ ኤርትራ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ንግግር የለም አለች። ኮሚሲዮኑ ወደ ምድሪቱ ለመግባት ስላልቻለ ኅዳር 18 ቀን 1999 ዓ.ም. ችካሎቹ የሚቆሙበትን ነጥብ በካርታ ላይ በቁጥር ብቻ ወስኖ አስታወቀ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ሥራውን ዘጋ። ሁለቱ ጦሮች ግን በየምሽጋቸው እንደ ተፋጠጡ ቀሩ፤ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ ዘመዳሞች ለብዙ ዓመት ሳይጠያየቁ ኖሩ። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ፍርዱን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበሉን ገለጸ፤ ሐምሌ 2 ቀን በአስመራ የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጦርነቱን ሁኔታ ማብቃት በፊርማቸው አጸኑ። በዚያ መግለጫ ስለ ወሰን የተጻፈው አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ሲሆን፣ የተሰጠው ውሳኔ ይፈጸማል የሚል ነው። ውሳኔ የተባለውም ዐሥራ ስድስት ዓመት በመዝገብ ቤት የቆየው የሔጉ ፍርድ ነበር፤ ለዚህ ሲባል አዲስ ዳኛ አልተሰየመም፣ አዲስ ጭብጥም አልተያዘም።